ከፎቶግራፉ ጀርባ ያለው ቁጥር

በብዙ ሰው ቤት ግድግዳ ላይ የዘማች አባት ወይም አያት ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይታያል። «የት ተነሡት? መቼ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ቤተ ሰቡ እርስ በርሱ ይተያያል።

አንዲት ተማሪዬ የሟች አያቷን ፎቶግራፍ ይዛልኝ መጣች። ሁለት ወታደሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ዙሪያውንም በሐር ጨርቅ ላይ የተጠለፈ ዘንዶ ከቦታል። እናቷ «አባቴ ኮሪያ የዘመቱት ከመጀመሪያዎቹ ጋራ ነው» ይላሉ። አጎቷ ግን ከጀርባው «ሐምሌ 1944» የሚለውን ጽሕፈት አይተው፥ «የኮሪያ ጦርነት የተጀመረው በ1950 ነው፤ ስለዚህ ይህ የኮሪያ ፎቶግራፍ አይደለም» ብለው ይከራከራሉ።

በመጀመሪያ ልብሱን መረመርን። በአጉሊ መነጽር ሲታይ በትከሻቸው ላይ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ጥቁር ምልክት በክብ ውስጥ አለ፤ ክቡንም ቀለም ቀቢው በብሩሽ ቀይ አድርጎታል። ይህ የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው። የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ የተዋጋው ከዚሁ ክፍለ ጦር ጋራ ተደርቦ ነበር። ዘንዶውም ይስማማል፤ ለዕረፍት ወደ ጃፓን የሚሄዱ ወታደሮች እንዲህ ያለ የሐር ማስታወሻ ያሠሩ ነበርና። ነገር ግን ተከታትለው የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ምልክቱን ሁሉም ስለ ለበሱት፥ ዓመቱን አይነግረንም።

ዓመቱን የሚነግረን ያው ያጣላው ቁጥር ነው። ጽሕፈቱን ከአያትየው ደብዳቤዎች ጋራ ብናስተያየው የራሳቸው እጅ ሆኖ ተገኘ። እሳቸው የቈጠሩት በአገራቸው አቈጣጠር ነው፤ ሐምሌ 1944 ዓ.ም. ማለት በፈረንጆች 1952 ነው። የመጀመሪያው ቃኘው አዲስ አበባን የለቀቀው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ሲሆን፥ በ1944 መጋቢት ገደማ በሁለተኛው ተተክቷል። ጦርነቱም የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አያትየው ከሁለተኛው ቃኘው ጋራ ነበሩ ማለት ነው።

አጎትየው ተረቱ፤ እናትየውም ጥቂት ቅር አላቸው። ኋላ ግን «ሁለተኛም ቢሆን የተዋጋው እዚያው ነው» ብለው ፎቶግራፉን ሳሙት።

አንባቢ ሆይ፥ ክፈፍ ሠሪው ጀርባውን በሙጫ ሊለጥፈው ቀጠሮ ተይዞ እንደ ነበረ ብነግርህ ምን ትላለህ? በቤትህ ያለውን የዘማች ፎቶግራፍ ዛሬ ገልብጠህ እይ። ያገኘኸውን በሌላ ወረቀት ላይ ገልብጥ፤ ከቁጥሩም ጎን በየትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ ጻፍ። የሚያውቁ ሽማግሌ ካሉም ነገ ሳትል ጠይቃቸው።