እንግዳዎን ወደ ወንጪ ከመውሰድዎ በፊት

በጋ ሲገባ ከዓረብ አገር ዘመድ ወዳጅ ለዕረፍት ይመጣል። እንግዳን ደግሞ ቤት አስቀምጦ ማብላት ብቻ አይበቃንም፤ አገር ማሳየት ያምረናል። ታዲያ ብዙዎቻችን የምንመርጠው ወንጪን ነው። በወሊሶና በአምቦ መካከል፣ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ይህ ሐይቅ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ነው። አካባቢውን የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አስገብቶታል። ለዛሬ ግን የምናወጋው ስለ ውበቱ ሳይሆን ስለ ከፍታው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ከጅዳ መጣ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቦሌ ተቀበልኩት፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ወንጪ ጉዞ ጀምረን ነበር። ቁርሳችን በመንገድ ላይ የጠጣነው ቡናና ጥቂት ሙዝ ነው። ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ሐይቁን ቁልቁል ሲያይ «ሱብሓነላህ!» አለ። በእግር ወረድን፤ በጀልባም ተንሸራሸርን። ስንመለስ ግን ዳገቱን እኩሌታውን እንኳ ሳይወጣ ፊቱ ገርጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አስመለሰው። ለካስ ራሱን ያመው የጀመረው ገና ከሌሊቱ ነው! «ደስታህን እንዳላበላሽብህ ብዬ ነው» አለኝ። እኔም ብሆን አልጠየቅኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅዳ በባሕር ጠረፍ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ የወንጪ ውኃ ደግሞ 2900 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን አፋፉ ከ3000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። እኛ ደገኞቹ ለምደነዋል፤ ከቆላ የመጣ ሰው አካል ግን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። ወጣትና ጠንካራ መሆንም አያድንም።

ስለዚህ እንግዳዎ ቢያንስ ሁለት ቀን አዲስ አበባ ይረፍ። በመጀመሪያው ሌሊት ከ2750 ሜትር በላይ ማደር አይመከርም፤ ማደር ካስፈለገ ዝቅ ብላ የምትገኘው ወሊሶ ትሻላለች። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ችግር ያለበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች እንግዳ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ራስ ምታት ከጀመረው ሽቅብ መውጣቱን አቁሞ ይረፍ። ካልተሻለው ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይዘውት ይውረዱ። ወንጪ ላይ ከሐይቁ ዳር ወደ መኪናው ለመመለስ መጀመሪያ ሽቅብ መውጣት እንዳለ አይርሱ፤ ለታመመ ሰው ፈረስ መከራየት ግድ ነው። ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ ግን ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

ወደ ምግቡ እንምጣ። ለእንግዳ ክብር ሲባል ቅቤ የጠገበ ክትፎ ወይም ጮማ አብልቶ ዳገት ማስወጣት የተለመደ ስህተታችን ነው። በከፍታ ቦታ የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ ጥቂት በጥቂት መብላት ይሻላል። ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦና እንግዳዎ ራሱ ያመጣው ተምር ለመንገድ የሚስማሙ ናቸው። ተምር በቶሎ ጉልበት ይሰጣል፤ የስኳር ሕመምተኛ ግን መጠኑን ይወቅ፤ ረጅም የእግር መንገድ ስኳሩን ዝቅ ሊያደርግበት ስለሚችልም ጣፋጭ ነገር ከኪሱ አይጥፋ። ከቤት የተሠራ ሥጋና እንቁላል ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ባይበላ ይመረጣል። እንግዳ የሚናፍቀው የአገር ቤት ወተትም ቢሆን ሳይፈላ አይጠጣ፤ ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ሊያስተላልፍ ይችላል። የሐይቁ ውኃ ቢጠራም ለመጠጥ አይሆንም፤ የሚጠጣ ውኃ ይዘው ይሂዱ።

አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይዋ የምትጎዳ አትመስልም። ሆኖም የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ባርኔጣ አይርሱ፤ ሹራብም እንዲሁ።

ያን ዕለት ጓደኛዬን በፈረስ አውጥተን ወሊሶ ስንደርስ ዓይኑ በራ፤ ሾርባም ጠየቀ። ከአምስት ቀን በኋላ ራሱ «እንመለስ» አለኝ። ጠዋት ገንፎ በላን፤ ተምርና ውኃ ያዝን። ዳገቱን እሱ በፈረስ ሲወጣ እኔ በእግሬ ተከተልኩት። በየመታጠፊያው ፈረሱን እያቆመ፣ «አንተስ? ራስህን አላመመህም?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር።