ጀልዴሳ፤ የባሕር መንገደኞች ሰፈር

ከሰኞ እስከ ዓርብ በጽሕፈት ቤትና በገበያ ሲደክም የሰነበተ ሰው፣ ቅዳሜና እሑድን ድንኳኑን ጭኖ ወደ ባሕር አቅጣጫ ወርዶ ከቤት ውጭ ለማሳለፍ ቢያስብ አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ድንኳን የትም አይተከልም፤ ሰፈር መምረጥ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ይህንንም ጥበብ በምሥራቅ ኢትዮጵያ አጥርተው ያወቁት፣ ለመዝናናት ሳይሆን ለዕለት እንጀራቸው ሲሉ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ይሰፍሩ የነበሩት የሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። እነርሱ ከዘይላ እስከ ሐረር ከተመላለሱባቸው ሰፈሮች ሁሉ ስሙ ከፍ ብሎ ይጠራ የነበረው ደግሞ ጀልዴሳ ነበርና፣ የሰፈርን ምርጫ ለመማር የሚሻ ሰው አስቀድሞ ከጀልዴሳ ጋር ቢተዋወቅ ይጠቀማል።

ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ፣ ከከተማው በሰሜን ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የገጠር መንደር ነው። ስፍራው የሐረር ተራሮች ወደ ቆላው ወርደው በሚያበቁበት፣ የበረሃውም ሜዳ በሚጀምርበት ወሰን ላይ ሲሆን፣ የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደርና የኦሮሞ አራሽ ከጥንት ጀምሮ የሚገናኙበት አገር ነው። ከዚያ ወደ ባሕሩ ያለው መሬት እስከ ዘይላ ወደብ ድረስ ጠፍና አሸዋ፣ የግራር ቁጥቋጦና ደረቅ የወንዝ ሸለቆ ነው፤ በስተደቡብ ያለው ግን ወዲያው ሽቅብ ተነሥቶ፣ በገደልና በጠመዝማዛ መንገድ ባላዋን አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ግድም ከፍ ካለችው ከሐረር ይደርሳል። ዘይላና ሐረር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ።

ታዲያ መንደሩን ታላቅ ሰፈር ያደረገው የውበቱ ብዛት ሳይሆን የግመል እግር ነው። የግመል መዳፍ ሰፊና ልስልስ ስለሆነ በአሸዋ ላይ ሳይሰምጥ ይራመዳል፤ በድንጋያማ አቀበት ላይ ግን ይቆስላል፣ በዝናብ በራሰ ጭቃም ላይ ይንሸራተታል። በአንጻሩ በቅሎና አህያ አቀበቱን ያለ ችግር ሲወጡት፣ ውሃ በሌለበት ሜዳ ላይ ከግመል ጋር መወዳደር አይችሉም። ስለዚህ ከባሕር የመጣው ጨው፣ አቡጀዲና ጠመንጃ ጀልዴሳ ላይ ከኢሳዎቹ ግመሎች ተራግፎ በበቅሎ፣ በአህያ ወይም ተራራ በለመደ ግመል ወደ ሐረር ይወጣ ነበር፤ ከሐረር የወረደውም ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በዚያው ስፍራ ለበረሃው ግመሎች ይተላለፍ ነበር። ጭነት በሚለወጥበት ቦታ ሁሉ መጠበቅ አይቀርም፤ መጠበቅ ባለበት መስፈር አለ፤ ሰው በሰፈረበት ደግሞ ገበያና ቀራጭ ይከተላሉ።

ቀራጩም አልዘገየም። በ1868 ዓ.ም. ሐረርን የያዙት ግብጾች በጀልዴሳ ዘበኛ አቆሙ፤ እነርሱ በ1877 ዓ.ም. ለቀው ሲወጡ አሚር አብዱላሂ፣ በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ከተደረገው ከጨለንቆ ጦርነት በኋላም የዳግማዊ ምኒልክ እንደራሴ ራስ መኰንን ሐረርን ሲገዙ፣ የባሕሩን በር የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ጀልዴሳን ሳይዝ የሐረርን ንግድ መቈጣጠር እንደማይችል ያውቅ ነበር። በ1880 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ በሶማሌ ምድር የየድርሻቸውን ወሰን ሲከልሉ፣ መሥመራቸውን በቢዮ ካቦባና በጀልዴሳ የሚያልፈውን የነጋዴ መንገድ አስከተሉት። በግንቦት 1889 ዓ.ም. ሬኔል ሮድ በእንግሊዝ መንግሥት ስም ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተዋዋለው ውል ሦስተኛ አንቀጽ ደግሞ፣ ከዘይላ በጀልዴሳ በኩል ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ለሁለቱም አገሮች ንግድ ክፍት ሆኖ እንዲኖር ተጻፈ። ጭነት አራግፈው ግመል የሚያሳርፉበት ሰፈር በነገሥታት ውል ውስጥ በስሙ መጠራቱ፣ በዚያ ዘመን ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው በቂ ምስክር ነው።

ነጋዴው ሰፈር ሲመርጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ምድሩ የማን እንደ ሆነና በማን ኪዳን እንደሚያድር ነበር። በሶማሌዎች ሥርዓት እንግዳ የሆነ መንገደኛ ከአገሩ ጐሣ አንድ ሰው አባን አድርጎ ይይዛል፤ አባኑም ዋጋውን ተቀብሎ የእንግዳውን ነፍስና ንብረት በራሱ አንገት ላይ ይወስዳል፤ እንግዳው ቢነካ የተነካው አባኑና ጐሣው ስለሆነ፣ በዚያ ምድር ከጠመንጃ ይልቅ የአባን ስም ያስከብር ነበር። ይሁን እንጂ አባን የሚያድነው ከጐሣ ጠብ እንጂ ከገዢ ቁጣ አልነበረም። በሚያዝያ 1878 ዓ.ም. ከዘይላ ተነሥቶ ወደ ሐረር ይጓዝ የነበረው የኢጣልያው ኮንት ፖሮ ከነጓደኞቹ በጀልዴሳ አካባቢ በአሚር አብዱላሂ ወታደሮች እጅ ሲያልቅ፣ የጐደለው ውሃ ወይም ስንቅ ሳይሆን የባለ አገሩ ፈቃድ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ የውሃና የግጦሽ ነው። እስራኤል ከግብጽ ወጥተው በምድረ በዳ ሲጓዙ 12 ምንጮችና 70 ዘንባቦች በነበሩበት በኤሊም እንደ ሰፈሩ ኦሪት ይነግረናል፤ የዘይላ መንገደኛ ግን እንዲህ ያለ ስፍራ ስለማይገጥመው፣ ደረቅ ከሆነው የወንዝ አሸዋ ሥር የተቈፈረ ጉድጓድ ካገኘ እግዚአብሔርን ያመሰግን ነበር። ቢሆንም ልምድ ያለው ሰው ከጉድጓዱ አፍ ላይ አይሰፍርም፤ የባለ አገሩ ከብት ሌሊትም ሆነ ማለዳ ለመጠጣት ስለሚመጣ፣ መንገድ ዘግቶ መተኛት ጠብ መፈለግ ነው። ዘወትር ግመልና ፍየል ከሚያርፍበት ትልቅ ግራር ጥላ ሥርም አይተኛም፤ በዚያ አሸዋ ውስጥ የተደበቀው መዥገር የሰው ትንፋሽ ሲሸተው ይነሣልና።

የጉዞው ሰዓት እንኳ የሚወሰነው በሰፈሩ ነበር። ግመል በቂ ምግብ የሚያገኘው በቀን ብርሃን ከቁጥቋጦው ሲቀነጥብ ስለሆነ፣ ሲራራው ጎሕ ሳይቀድ ጭኖ ይነሣና ፀሐይ ሳትበረታ ከሰፈሩ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የግመሉ ነው። እንስሳቱ ሲሰማሩ ጭነቱ እንደ ቅጥር ዙሪያውን ይደረደራል፤ ከውጭ የእሾህ አጥር ይታጠራል፤ ሲመሽ ግመሎቹ ወደ ውስጥ ገብተው ይንበረከካሉ፤ ጅብና ሌባ የሚፈራው እሳትም እስኪነጋ ይነዳል። በነገሥታቱ ዘመን ሠራዊት ሲሰፍር የንጉሡ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ቀኙም ግራውም ደጀኑም እንደ ማዕርጉ ቦታውን ያገኝ ነበር፤ በሲራራ ሰፈር ግን ማዕርግ የሚታየው በእንስሳው ነው፤ መካከሉን የሚይዘው ግመሉ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው የኢሳዎቹ ቤት ነው። አቃል የሚባለው ይህ ቤት በግመል ጀርባ የሚጫን ሲሆን፣ የሚሠራውም የሚተከለውም በሴቶች እጅ ነው። እናት ቀስት ሆነው የተጐበጡትን እንጨቶች መሬት ውስጥ ትተክላለች፣ ጫፍና ጫፋቸውን በጠፍር ታስራለች፣ በላዩም በእጅ የተሠሩ ወፍራም ሰሌኖች ደራርባ ታለብሰዋለች፤ ጉዞ በሆነ ጊዜ እነዚያው እንጨቶች የጭነቱ ማዘያ፣ እነዚያው ሰሌኖች የግመሉ ጀርባ እንዳይቈስል መደላድል ይሆናሉ። ምንም የሚጣል፣ ምንም የሚተርፍ የለም፤ ዛሬ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ከውጭ አገር ድንኳን የሚያስመጣ ሰው ይህን ቢያይ፣ ቀለል ያለ ጓዝ ማለት ምን እንደ ሆነ ይረዳ ነበር።

ሦስተኛውና ነፍስን የሚመለከተው ጥያቄ፣ ውሃው ከየት መጥቶ በየት ያልፋል የሚለው ነው። የቆላው ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ስለሆነ፣ ለስላሳና ንጹሕ አሸዋው ለመኝታ የተነጠፈ መስሎ ይጋብዛል። ዳሩ ግን ዝናቡ የሚዘንበው በሐረርጌ ደጋ ላይ ነው፤ ቆላው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት እየታዩ እንኳ፣ ከሰዓታት በፊት ተራራው ላይ የዘነበው ጎርፍ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ በሌሊት ይደርሳል። የድሬዳዋ ሰው ይህን በመራራ ሐዘን ተምሮታል፤ ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ሲመታ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ በጀልዴሳ ሸለቆ የሚሰፍር ሰው ከአሸዋው ወጥቶ፣ የቀድሞ ጎርፍ በቁጥቋጦው ላይ ጥሎት የሄደውን ጭራሮና ገለባ ተመልክቶ፣ ከዚያ ምልክት በላይ ሊሆን ይገባዋል።

ጓዝን ከሰው ማራራቅም የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚነግረን ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው። ይህ ሰው ግጥሙን ትቶ በ1873 ዓ.ም. ለንግድ ወደ ሐረር መጥቶ ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ሲመላለስ ከኖረ በኋላ፣ በ1883 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻ ጕልበቱ አብጦ መራመድ ስላቃተው፣ ሸራ በለበሰ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ 16 ሰዎች እየተሸከሙት ወደ ዘይላ ወረደ። ለእኅቱ እንደ ጻፈው፣ በጉዞው በሁለተኛው ቀን ከጓዙ ርቆ ቀድሞ ስለ ነበር፣ ሰው በሌለበት ስፍራ ዝናብ ያዘውና መንቀሳቀስ ሳይችል መጠለያ አጥቶ 16 ሰዓት ሙሉ ውሃ ሲወርድበት ቆየ። መንገዱን የሚያውቅ ነጋዴ ነበር፤ ሆኖም ድንኳኑ ከኋላው በግመል ጀርባ ላይ ሳለ ዕውቀቱ ምንም አልጠቀመውም። ከደዌው ሳይድን፣ በዚያው የፈረንጆች ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ።

የጀልዴሳንም ዕድል የለወጠው ሌላ ባለጭነት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተቋቋመው የምድር ባቡር፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽንሌ በኩል አድርጎ፣ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለ ከበደው ከግርጌው ሲቆም፣ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ተወለደች። ባቡር እንደ ግመል አያርፍም፣ ጭነቱንም በየመንገዱ አይለውጥም፤ ስለዚህ ቀራጩም፣ ገበያውም፣ የበቅሎ አከራዩም ወደ ድሬዳዋ ሲሄድ፣ ጀልዴሳ ለሕዝቦቿ ብቻ የምትበቃ መንደር ሆና ቀረች።

እንግዲህ በዛሬው ዘመን ከድሬዳዋ ተነሥቶ በዚህ በጥንቱ የባሕር መንገድ አንድ ሌሊት ለማደር የሚፈልግ ሰው፣ ሙቀቱ ጋብ በሚልበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢወጣ፣ ክረምትንና በልግን ስለ ጎርፍ ቢተው፣ አጎበርና የሚበቃውን ውሃ ቢይዝ ይበጀዋል። ከአገሩ ሽማግሌዎችና ከቀበሌው አስተዳደር ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ወቅቱም ሰላም መሆኑን ሳያረጋግጥ ድንኳኑን አይፍታ፤ ለማገዶውም ሕያው ግራር አይቍረጥ። ድንበር ተሻግሮ እስከ ጅቡቲ የባሕር ዳርቻ የሚዘልቅም ቢሆን፣ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ በወንዙ ጎርፍ ፋንታ ሌሊት ከፍ የሚለውን የባሕር ሙላት፣ በደረቁ አሸዋና በእርጥቡ መካከል ባለው መሥመር ይለካዋል። የመልክዓ ምድሩ ውበት መጠየቅ ያለበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከእርሱ ይጀምርና በሌሊት ድንኳኑን እየነቀለ ይሸሻል።

ከጥንቱ ሥርዓት አንድ ነገር ደግሞ ሳይጠፋ ቢቈይ መልካም ነው፤ ሲራራው በሰው ምድር ላይ በነጻ አያድርም ነበር፤ ለአባኑ ዋጋውን ይከፍላል፣ ወተቱንና ሙክቱን ከባለ አገሩ ይገዛል። የቅዳሜና እሑድ እንግዳም ስንቁን ሁሉ ከከተማ ጭኖ፣ ቆሻሻውን ብቻ ጥሎ ከሚመለስ፣ መንገድ የሚያሳየውን ወጣት ቢቀጥር፣ የግመል ወተቱን ከመንደሩ ቢገዛ፣ ባቡሩ ያለፋት ጀልዴሳ ከመንገደኛ የምታገኘውን ጥቅም እንደ ገና ታገኛለች፤ እርሱም በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ቦታ የሚመርጡለት ባለ አገሮቹ ራሳቸው ይሆናሉ።