ሁለት ጊዜ ጠቅ የምትል መርፌ

ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ነበር፤ ሕመምተኛው ግን መሳል ፈራ። ትራሱን ሆዱ ላይ አጥብቆ ይዞ፣ ትንፋሹን በትንሽ በትንሹ እየሳበ ሌሊቱን ሲቆጥር አደረ። አንጀቱን ለተቀደደ ሰው ይህ በየትኛውም አገር ሆስፒታል የተለመደ ሌሊት ነበር። ሞርፊን ሲሰጠው ሕመሙ ጋብ ይላል፤ ነገር ግን ያቅለሸልሸዋል፣ ያፈዘዋል፣ ይባስ ብሎም ሊነቃ የሚገባውን አንጀት መልሶ ያስተኛዋል። ከጀርባ የሚሰጠው ኤፒዱራል ሕመምን ቢያስታግስም የደም ግፊት ያወርዳል፤ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ያሰጋል። ሕመሙን እዚያው ሆድ ግድግዳው ላይ ማስቆም አይቻል ይሆን?

እንቆቅልሹ የነርቮቹ ብዛት ነበር። ከአከርካሪ ተነስተው፣ ጎንን እንደ መቀነት ዞረው ወደ እምብርት ይመጣሉ። የቀድሞ ሐኪሞች እነሱን ለማደንዘዝ ሆድን እዚህም እዚያም ይወጉ ነበር፤ አንዱን ሲያገኙ ሌላው ያመልጣቸዋል። የጎን ጡንቻ እንደተደራረበ እንጀራ ሦስት ንጣፍ ሲሆን፣ ነርቮቹ የሚያልፉት በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ወደዚያ ስስ ክፍተት የሚያስገባ አንድ በር ቢገኝስ?

በሩ ከታወቀ ቆይቶ ነበር፤ ለምን እንደሚያገለግል አልታወቀም እንጂ። ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዣን ልዊ ፐቲ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከዳሌ አጥንት በላይ ወደ ጀርባ ጠጋ ብላ ያለች ትንሽ ሦስት ማዕዘን ለይቶ ነበር። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2001 ራፊ የተባለ ሐኪም በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ፦ በዚያች ሦስት ማዕዘን በኩል፣ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ጊዜ ብቻ መውጋት በቂ ነው የሚል። መርፌዋ ስል መሆን የለባትም። ስል መርፌ ሳትታወቅ ታልፋለች፤ ደነዟ ግን ትታገላለች፣ ከዚያም ሽፋኑን ስትበሳ ጠቅ ትላለች። ሐኪሙ በጣቱ ያዳምጣታል ማለት ነው።

ይሁንና ማስረጃው የት አለ?

በአየርላንዷ ጎልዌይ ከተማ ጆን ማክዶኔልና ባልደረቦቹ ጥያቄውን ያዙት። በአስከሬን ላይ ቀለም ወግተው ወዴት እንደሚሰራጭ ተከታተሉ፤ በጤነኛ በጎ ፈቃደኞችም ላይ ሞከሩ። ቀጥሎ ትልቁ ፈተና መጣ፤ የአንጀት ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው 32 ሰዎች። ሐኪሙ ጣቱን በዳሌ አጥንት ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ እያንሸራተተ ሦስት ማዕዘኗን ይፈልጋል። መርፌዋ አንዴ ጠቅ አለች፤ የመጀመሪያው ንጣፍ። ሁለተኛ ጠቅ ስትል ቆመ። ለከፊሎቹ በየጎኑ 20 ሚሊ ሊትር ማደንዘዣ ገባ። የተቀሩት ሕመምተኞች የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ።

ውጤቱ በ2007 ታተመ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት መርፌውን ያላገኙት በአማካይ 80 ሚሊ ግራም ያህል ሞርፊን ሲያስፈልጋቸው፣ ያገኙት በ22 ገደማ አደሩ። ለእኔ ይህ ቁጥር ትራስ ሳያቅፍ መሳል የቻለ ሰው ነው።

ደስታው ግን አልቆየም። ሦስት ማዕዘኗ ከሰው ሰው ትለያያለች፤ ወፍራም ሰው ላይ በጣት ለማግኘት ታስቸግራለች። በ2008 ደግሞ አስደንጋጭ ዘገባ ወጣ፦ ያቺው ደነዝ መርፌ የአንዲት ሕመምተኛን ጉበት አቁስላ ተገኘች። ጣት ብቻውን አስተማማኝ አልሆነም።

መፍትሔው ቀድሞ ተጀምሮ ነበር። አውስትራሊያዊው ፒተር ሄባርድ በ2007 መርፌዋን በአልትራሳውንድ እያየ ማስገባት እንደሚቻል አሳይቷል። ሦስቱ ንጣፎች በስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ሆነው ይታያሉ፤ መድኃኒቱ በትክክለኛው ቦታ ሲገባ ሁለቱ እንደ ዓይን ሽፋን ይከፈታሉ። ማየት ሲቻል ሌላ እውነትም ታወቀ፦ በጎን የገባው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ከእምብርት በላይ አይደርስም። ለላይኛው ሆድ ከጎድን አጥንት ሥር የሚወጋበት ሌላ መንገድ ተፈለገ። የውስጥ አካላትን ሕመም ግን ከሁለቱ መንገዶች የትኛውም አያስቆምም፤ ስለዚህ ከሌሎች ማስታገሻዎች ጋር ይሰጣል።

ለሆድ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዛችሁ፣ በቀዶ ሕክምና ልትወልዱ የተዘጋጃችሁም፣ የማደንዘዣ ባለሙያውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሚመጣው ሕመም ምን ተዘጋጅቷል? የሆድ ግድግዳ ነርቭ ማደንዘዣስ ለእኔ ይሆናል?»