የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ከመግዛት በፊት፦ ውኃው፣ መብራቱና እጣቢው

የአዲስ አበባ አጎራባች በሆነችው ፉሪ ከአጥሩ ወዲህ ላም ይታለባል፤ ከአጥሩ ወዲያ ባለ ፎቅ ቤት ይገነባል። በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የሸገር ከተማ አካል በሆነው በዚህ አካባቢ አዲስ ቤት የሚሠራ ቤተሰብ ከምድጃና ከማቀዝቀዣ ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያ ማሽንን ጉዳይ ማንሳቱ አይቀርም። ማሽኑ ግን በስምና በዋጋ ብቻ የሚመረጥ አይደለም። ቤቱ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ የሳህን መደርደሪያ ሆኖ ይቀራል።

ጉዳዩ ከማሽኑ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካዊቷ ጆሴፊን ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ መብት ያገኘችበትን ማሽን በመጀመሪያ የገዙት በአብዛኛው ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ። የዚያን ዘመን መኖሪያ ቤቶች የሚበቃ ሙቅ ውኃ አልነበራቸውምና። የዛሬው ማሽን ውኃውን ራሱ ያሞቃል፤ በዚህም ሸክሙ ወደ ኤሌክትሪክ መስመሩ ተዛውሯል።

ማሽኑ ሳህን አይፈትግም። ሙቅ ውኃና ሳሙና በሚሽከረከሩ ክንፎች እየረጨ፣ ያንኑ ውኃ በማጣሪያ እያሳለፈ ደጋግሞ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ትልቁ ማሽን አንድ ሙሉ ጭነት ለማጠብ በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ሊትር ውኃ ይበቃዋል። ይህ ቧንቧ ከፍቶ ከማጠብ በእጅጉ ያነሰ ነው። ከጀሪካን እየቀዳ በሳፋ ለሚያጥብ ቤተሰብ ግን የሚተርፈው ውኃ ይህን ያህል አይደለም፤ የሚተርፈው በዋናነት የሴቶችና የልጃገረዶች ጊዜና ጉልበት ነው።

ቀዳሚው ጥያቄ የውኃ ግፊት ነው። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ግፊት ይፈልጋሉ። የ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚሰጥ፣ ከማሽኑ 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ሮቶ ያለ ፓምፕ አያገለግልም። ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት በእጅ የሚሞላ የራሱ ማጠራቀሚያ ያለው ትንሽ የጠረጴዛ ማሽን የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መብራት ነው። ማሽኑ ውኃ በሚያሞቅበት ሰዓት 2 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ። ሁለቱ በአንድ መስመር አብረው ከሠሩ ሽቦው ሊግልና ብሬከሩ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ማሽኑን አለማስነሳት ይበጃል። የራሱ ሶኬትና የመሬት ሽቦ ሊኖረውም ይገባል፤ ውኃና ኤሌክትሪክ በሚገናኙበት ዕቃ ላይ በዲቫይደር ማገናኘት አደጋ አለው። መብራት መሐል ላይ ሲጠፋ ካቆመበት ይቀጥል እንደሆነም ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አያያዙም ልማድ መለወጥን ይጠይቃል። ላርጎ እየተባለ የሚጠራው የእጅ ፈሳሽ ሳሙና አረፋው ስለሚበዛ ማሽኑን ያስፈስሰዋል፤ ለማሽን የተዘጋጀ ሳሙና ብቻ ይጨመራል። ይህ ሳሙና ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል በመሆኑ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ውኃው ኖራ የሚበዛበት ከሆነ ለማሽን የተሠራ ጨው ያስፈልጋል፤ አዮዲን ያለበት የወጥ ጨው አይተካውም። የወጥና የእንጀራ ትርፍራፊ አስቀድሞ መጠረግ፣ ማጣሪያውም በየሳምንቱ መታጠብ ይኖርበታል።

ሁሉም ዕቃ ወደ ማሽኑ አይገባም። ጀበና፣ የሸክላ ድስት፣ የእንጨት ማማሰያና በወርቅ ቀለም ያጌጠ ሲኒ በእጅ ይታጠባሉ። የአልሙኒየም ድስት በማሽን ሲታጠብ ይጠቁራል። ብዙ ወጥ በትልልቅ ድስት ለሚሠራ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማሽኑ ከሳህን፣ ከብርጭቆና ከማንኪያ ቢገላግልም ድስቱ ለእጅ ይቀራል።

ከብት ያለው ቤት አንድ ተጨማሪ ነገር ማሰብ አለበት። የእጅ እጣቢ ለላም ይሰጥ፣ ጓሮ ላለ ጎመንም ይፈስ የነበረ ከሆነ የማሽኑ ፍሳሽ ያን ቦታ ሊተካ አይችልም። ሳሙናው አልካሊነቱ ኃይለኛ ነው፤ ለእንስሳ ሊሰጥ አይገባም። በውስጡ ያለው ሶዲየም ሲደጋገም ዋልካ አፈርን ያጠነክራል፣ ውኃ የማስረግ አቅሙንም ይቀንሳል። ፍሳሹ ከጓሮ አትክልትና ከውኃ ጉድጓድ ርቆ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ መሄድ ይኖርበታል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት አንድ ሳምንት መዝግቦ ማየት ይበጃል፦ ውኃ በስንት ቀን መጣ? መብራት ስንት ሰዓት ጠፋ? በየማዕዱ ከተነሣው ዕቃ ምን ያህሉ ሳህንና ብርጭቆ፣ ምን ያህሉ ድስት ነው? መዝገቡ ለማሽኑ ካላደላ ገንዘቡን በቅድሚያ ለከፍተኛ ሮቶ፣ ለፓምፕና ለደኅና የኤሌክትሪክ መስመር ማዋል ያዋጣል። እነዚህ ማሽኑ ቢገዛም ባይገዛም ቤቱን ይጠቅማሉ።