ለዋሽንግተን እንግዶች፣ ከነበርበሬያቸው

የፍኖተ ሰላም ሰው ዋሽንግተን ያለች ልጁን ሊጠይቅ ሲነሳ መካሪ አያጣም። ፓስፖርት እንዳይረሳ፣ ሹራብ እንዲይዝ፣ መድኃኒቱን ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ እንዲያደርግ ጎረቤቱ ሁሉ ይነግረዋል፤ እኔ አልደግመውም። ትኬት ላይ 22:30 ማለት ከምሽቱ 4:30 ነው፤ ዓባይን መሻገር ያለባችሁም በበረራው ዕለት ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ነው። ይኸው በቂ ነው።

እኔን የሚያሟግተኝ ሻንጣው ነው። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይሞላል፤ ከሁለቱ አንዱ ከሞላ ጎደል በርበሬ ነው። ይህ ምንም ነውር የለውም። የቡሬን ወይም የጃቢ ጠህናንን በርበሬ የለመደች ልጅ ከሱቅ በላስቲክ የተገዛው እንደማያጠግባት እናት ታውቃለች። ነውሩ ከበርበሬው ጋር ተቋጥሮ የሚሄደው ምክር ነው፦ «ሲጠይቁሽ ምንም አልያዝሁም በይ»። ማን እንደጀመረው እንጃ፤ ከቡሬ እስከ ደምበጫ የማይሰጠው ሰው ግን የለም። ጭራሽ ውጭ አገር ደርሶ የመጣ ሰው ሲሰጠው ያናድደኛል።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የተፈጨ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና፣ ለቤት የሚሆን ማር በአብዛኛው አሜሪካ ይገባል፤ ግዴታው መናገር ብቻ ነው። የሚያስቀጣው መደበቁ ነው። የማይገባ ነገር ይዘው ቢመጡ እንኳ አስቀድመው «ምግብ ይዣለሁ» ካሉ ዕቃው ይወሰዳል እንጂ ገንዘብ አይከፍሉም። ደብቀው ሲገኙ ግን ቅጣቱ እስከ 1,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። በዚህ ገንዘብ ስንት ኩንታል በርበሬ እንደሚገዛ ገበያ የሚወጣ ሰው ያስላው።

ቋንጣ አይሞከርም። የፈረንጅ ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ ጉዳዩ አፍተግር ነው። ይህ የከብት በሽታ አሜሪካ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው፤ ተመልሶ እንዳይገባ ሥጋን፣ የደረቀውንም ቢሆን፣ በር ላይ ያስቀራሉ። ከብቱ በአፍተግር ተይዞ አረፋ ሲደፍቅ ያየ የጎጃም ገበሬ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ቅቤም ከእንስሳት የሚገኝ ነውና እኔ አልመክርም። ለመዝራት የሚሆን ዘር ያለ ምስክር ወረቀት አይገባም። ጫት ደግሞ ወንጀል ነው፤ አለቀ።

አሁን ወደምወዳት ፍጥረት ልምጣ። ዳለስ አየር ማረፊያ ሻንጣ ስትጠብቁ ጆሮዋ የተንጠለጠለ ትንሽ ውሻ በሰዉ መሀል ስትመላለስ ታያላችሁ። ዝርያዋ ቢግል ይባላል። አሜሪካኖች ቢግልን ለዚህ ሥራ ማሰማራት የጀመሩት በ1984 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። የተመረጠችው አፍንጫዋ ስለታም፣ መልኳም የማያስፈራ ስለሆነ ነው። አትጮህም፣ አትናከስም፤ ሥጋ ወይም ፍራፍሬ ሲሸታት ሻንጣው አጠገብ ቁጭ ትላለች። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ሻንጣ አጠገብ እንዲሁ ስትቀመጥ አይቻለሁ። እናት በተመከሩት መሠረት ምንም አልያዝሁም ብለው ነበር። ውሻዋን አይተው «ምነው፣ ወደደችኝ መሰለኝ» አሉ። ሻንጣው ሲከፈት በበርበሬው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ቋንጣ ወጣ። ቋንጣው ተወሰደ፤ እሳቸውን በማስጠንቀቂያ ለቀቋቸው። በርበሬውን ማንም አልነካባቸውም፤ ያ ሁሉ ጭንቀት ለሚገባ ዕቃ ነበር።

ሌላም የሚያስደነግጥ ጥያቄ አለ፦ እርሻ ላይ ነበሩ? ከብት ነክተዋል? የገጠር ሰው እንዴት አወቁብኝ ብሎ ይደናገጣል። የሚጠየቀው ሁሉም መንገደኛ ነው። እውነቱን ይናገሩ፤ ቢበዛ ጫማዎን ያዩታል፣ አፈር ካለበት ያጸዱታል። ስለዚህ ጫማን ከቤት አጥቦ መነሳት ነው።

ከተማዋ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን የምቆጣው ልጆቹን ነው። እናት አባታቸውን ከውቅያኖስ ማዶ አምጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጧቸዋል፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ወደ ቤት። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች እኮ መግቢያ አያስከፍሉም! ከዓመት ዓመት ክፍት ናቸው፤ የሚዘጉት በፈረንጆች ገና ብቻ ነው። በእኛ ገና ማግስት አባትን ይዞ ሄዶ የዝሆኑንና የአንበሳውን አዳራሽ ማሳየት የአውቶቡስ ሒሳብ ብቻ ይጠይቃል።

አባት ግን መጀመሪያ «ፎቁስ የታለ?» ማለታቸው አይቀርም። ሰማይ ጠቀሱ ኒው ዮርክ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ በ1910 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የሕንፃ ቁመት ስለሚወስን ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ ለእግር መንገድ የተመቸች ከተማ ናት። አድራሻ ሲጽፉ ከጎዳናው ስም በኋላ ያሉትን ሁለት ፊደላት አይዝለሉ። ከተማዋ ከካፒቶል ተነሥታ በአራት ማዕዘን ስለተከፈለች አንድ ዓይነት አድራሻ በሰሜን ምዕራብም በደቡብ ምሥራቅም ሊኖር ይችላል። የሐበሻ ምግብ ቤት የበዛበት የ9ኛና የዩ ጎዳና አካባቢ ያለው ሰሜን ምዕራብ ነው። ሜትሮ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳለስ ድረስ ይደርሳል፤ ባቡሩ ውስጥ ግን ዳቦ መቁረስ ክልክል ነው፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃው ላይም በቀኝ ይቆማል። ዩኒየን ስቴሽንን ማየት አይቅር። ወጀትን ፍኖተ ሰላም ብለው የሰየሟት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. በባቡር ሲገቡ ኬኔዲ የተቀበሏቸው እዚያ ነው።

ጊዜ መምረጥ የሚችል ሰው ሐምሌንና ነሐሴን ይተው፤ እኛ ጋ ዝናብና ብርድ ሲሆን እዚያ ወበቁ አያስወጣም። መጋቢት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው መልካሙ። ቶኪዮ በ1912 እ.ኤ.አ. ስጦታ ከላከቻቸው ሦስት ሺህ ያህል ዛፎች የመጣው የቼሪ አበባ የሚፈነዳው ያኔ ነው። ወቅቱም ዐቢይ ጾም ስለሆነ ቋንጣ ለመያዝ የሚፈተን አይኖርም።