በርናትዝ የሳላት አንኮበር

ፎቶግራፍ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት ሸዋ ምን ትመስል እንደነበር ማየት ለሚፈልግ ሰው የዮሐን ማርቲን በርናትዝ ሥዕሎች ትልቅ ሀብት ናቸው። ጀርመናዊው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ ከመራው የእንግሊዝ የመልእክተኞች ቡድን ጋር ነው። ከአፋር ቆላ እስከ ሸዋ ደጋ የሠራቸው ሥዕሎች በድንጋይ ኅትመት ተባዝተው እ.ኤ.አ. በ1852 በሁለት ክፍል ወጡ፤ አንዱ የቆላው፣ ሌላው የደጋው ነው። እነዚህን ሥዕሎች እንደ መስታወት ማየት ይቀናናል። ይበልጥ የሚጠቅሙን ግን ሠዓሊው ከየት ቆሞ፣ ምን መርጦ፣ ለማን እንደሳለ እየጠየቅን ስናያቸው ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ መልክዓ ምድር ራሱን የቻለ የሥዕል ርእስ ሆኖ በአውሮፓ የጎላው በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይም በሆላንድ ነው። ያን ፋን ሆየንና ሳሎሞን ፋን ራይስዳል ወንዝ ሲስሉ አድማሱን ዝቅ አድርገው አብዛኛውን ቦታ ለደመናማ ሰማይ ይለቃሉ፤ ከሥር ግራጫ ውሃ፣ ሰውና ከብት የጫነ ጀልባ፣ ራቅ ብሎ የቤተ ክርስቲያን ማማ ይታያል። አገሩ ሜዳ ስለሆነ አሳሳሉ ይስማማዋል። የሣህለ ሥላሴ መቀመጫ የነበረችው አንኮበር ግን የዚህ ተቃራኒ ናት። አፋፍ ላይ ስለተቀመጠች ዓይን ቁልቁል ወደ አዋሽ ቆላ ይወርዳል። የበሬሳ ወንዝ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ሲሄድ፣ ከአንኮበር በስተምሥራቅ ያለው ውሃ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ሁለቱም ገደል ለገደል ስለሚሄዱ ከሩቅ አይታዩም። ስለዚህ እዚህ የሚስል ሰው ርቀትን የሚያሳየው ሸንተረር ከሸንተረር ጀርባ እየደረደረ፣ ቀለሙንም እያሳሳ ነው።

«ሥዕሉ እንዲህ በሠዓሊው ምርጫ ከተቀነባበረ ታዲያ ምስክርነቱ ምኑ ላይ ነው?» የሚል ይኖራል። ፋን ሆየንም የአንዱን ከተማ ማማ ነቅሎ ሌላ ወንዝ ዳር ያቆም ነበር፤ የጀልባው ሸራ ቢዛባ ግን የሆላንድ ሥዕል ገዢ ወዲያው ይነቅፈዋል። የበርናትዝን ሥዕሎች የገዙ ሰዎች አንኮበርን አይተዋት አያውቁም፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ያልተደረገው ፍተሻ ለእኛ ቀርቷል። ሌላው ተቃውሞ ቡድኑ የመጣው ለፖለቲካ ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1841 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈርሟል። ይህ ግን ሠዓሊው ምን ለማጉላት፣ ምንስ ለመተው እንደሚገፋፋ ያስጠነቅቀናል እንጂ ሥዕሉን አያስጥለንም። ሰውና ቤት ቢያልፉም ተራራው አለ። ሸንተረሩን በትክክል የሳለ እጅ ዛሬ የሌለውን ልብስና ቤት ሲያሳየን በጥንቃቄ ልናምነው እንችላለን፤ ገደሉን ያጋነነ ከሆነ ግን ሌላውንም እንጠረጥራለን። ለዚህ ፍርድ ደግሞ እያንዳንዱን ተራራ በስሙ የሚጠራ የአንኮበር ገበሬ ከሥነ ጥበብ ምሁር አያንስም።