ከጉና እስከ ጣና፦ ርብና ጉማራ የሠሩት ምድር

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ጣና እስኪደርሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳሉ። የጉና ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ያልፋል፤ ጣና በ1,786 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ወንዞቹ አብዛኛውን ቁልቁለት በፋርጣ ወረዳና በአካባቢው ገደላገደል ይጨርሱትና ወረታ ከተማ አጠገብ ሲደርሱ ሜዳ ላይ ይዘረጋሉ። ሲፈጥን የተሸከመውን ሲዘገይ መጣል የውሃ ጠባይ ነውና፣ ከላይ ማሳ የታጠበው አፈር እዚህ ይራገፋል። የፎገራ ሜዳ የተሠራው በዚህ ደለል ነው። የተረፈው ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ ላይ ተከምሮ ወደ ውሃው እየገፋ የሚሄድ አዲስ መሬት፣ ማለትም ዴልታ ይሆናል።

ጣና ለዴልታ የተመቸ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። ከወንዞች ከሚያገኘው ውሃ ከዘጠና በመቶ በላዩን የሚያመጡለት አራት ናቸው፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። ከአራቱ ትልቁን ዴልታ የሠራው ግልገል ዓባይ ነው፤ የጉማራም አፍ ወደ ሐይቁ ተንጠራርቶ ከሳተላይት ምስል ላይ በግልጽ ይታያል። ደቡብ ጎንደር ዞንን የሚመለከቱት ግን ርብና ጉማራ ናቸው።

የደብረ ታቦር ከተማ ልጆች ነሐሴ 13 ቀን ቡሔ ሲጨፍሩ ርብና ጉማራ ሞልተው የሚገላበጡበት ጊዜ ነው። በላይ የጅራፍ ድምፅ፣ በታች የጎርፍ ስጋት! በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራና የሊቦ ከምከም ቀበሌዎች በውሃ ተውጠው ብዙ ሺህ ሰው ከቀየው ተፈናቅሏል። ጥፋቱን በዝናቡ ብቻ ማላከክ ይቀል ይሆናል። የርብ የታችኛው ክፍል ግን በደለል እየተሞላ ወለሉ ከፍ ማለቱን የወንዙ አጥኚዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ወለሉ ከፍ ያለ ወንዝ በመጠነኛ ዝናብም ከዳር ይወጣል። ሕዝቡና መንግሥት ለዚህ የሰጡት መልስ በወንዙ ግራና ቀኝ የአፈር ክትር መሥራት ነበር። ክትሩ ለጥቂት ክረምት ይታደጋል፤ ይሁንና ሜዳው ላይ ይበተን የነበረው ደለል መውጫ ስለሚያጣ እዚያው ወንዙ ውስጥ ይቀመጣል፤ ወለሉም ይበልጥ ይነሣል። ስለዚህ በየጊዜው ክትሩን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል፤ ማብቂያ የለውም።

ጎርፉን ጠላት ብቻ ማድረግ ደግሞ ግፍ ነው፤ ፎገራን ያበላው እሱ ነውና። ከአርባና ሃምሳ ዓመት በፊት ይህ ዋልካ መሬት በክረምት በውሃ የሚዋጥ፣ በበጋ የፎገራ ከብት የሚሰማራበት፣ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ የሚዘራበት ነበር። በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ዝርያም የዚህ ሳር ልጅ ነው። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ ሞከሩ። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። ባለሙያዎቹ ሄዱ፣ ማኅበራቱ ፈረሱ፣ ሩዙ ቀረ። ውሃ የሚተኛበት መሬት ድሮ የድሃ ድርሻ ነበር፤ ዛሬ የሚፈለገው እሱ ነው። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ተቋቋመ። ዱቄቱ ለእንጀራ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ፣ ገለባው ለከብት ሆኖ፣ ሩዝ የፎገራን ገበሬ ኑሮ ከማንኛውም ፕሮጀክት በላይ እንደለወጠ ለመናገር አላመነታም። ግጦሹ ታርሶ ከብቱ ማነሱም እውነት ነው።

ክትሩና እርሻው ተባብረው ያጠፉት ግን ረግረጉን ነው። ሸሸርና ዋላላ በርብና በጉማራ መካከል ያሉ፣ ወንዙ ሲሞላ የሚሞሉ ረግረጎች ነበሩ። ክትሩ ጎርፉን ከለከላቸው፤ በበጋ ደግሞ ለቀይ ሽንኩርት መስኖ በሞተር ፓምፕ ተመጠጡ፤ ባሕር ሸሽ የሚባለው እርሻ ከዳር ከዳር ገባባቸው። በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ሸሸር ዘጠና በመቶ ያህሉን፣ ዋላላ ግማሽ የሚጠጋውን አጡ። አምባዛ የሚራባው በእንዲህ ያለ ጥልቀት በሌለው ውሃ ነበር። ክሬን የሚባሉት ባለረጅም እግር ወፎችም ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው መጥተው እዚሁ ያድሩ ነበር። ከጎርፍ ከፊሉን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ፣ ደለል ሐይቅ ሳይገባ የሚያስቀር ረግረግ ጠፍቶ በቦታው ክትር መሥራት፣ በነጻ የሚገኘውን አገልግሎት በገንዘብ መግዛት ነው። ለጣና ዳሩ የወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ መሥሪያ የነበረው ደንገልም ከሐይቁ ዳር በእርሻና በግጦሽ ምክንያት እየሳሳ ሄዷል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የነጭ አሳው ነገር ነው። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ፣ ከአንድ ዘር የወጡ 15 ያህል የነጭ አሳ ዓይነቶች አሉ፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የዚህ አሳ ወገን (ባርበስ) ስብስብ ዛሬ ሌላ የታወቀ የለም። ከእነዚህ ግማሽ የሚሆኑት ክረምት ሲገባ በወንዞቹ አፍ ይሰበሰቡና ወደ ላይ ወጥተው ንጹሕና አየር የጠገበ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጉማራና ገባሮቹ ከዋና ዋናዎቹ መራቢያዎች ናቸው። ችግሩም እዚያው ነው፤ አሳው የሚሄድበትን ቀንና መንገድ አጥማጁም ያውቀዋል። መረብ በወንዙ አፍ ይዘረጋል፤ ወደ ላይም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃውን የሚመርዝ አለ። በፈረንጆች 1990ዎቹ አሥር ዓመታት ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓይነቶች ብዛት በሦስት አራተኛ መቀነሱ ተለክቷል። ጠጠሩን ደለል ከሸፈነው ወይም አሸዋ አውጪ ከጫነው፣ መረቡን ያለፈውም አሳ የሚራባበት አያገኝም።

ሐይቁ ራሱም እንደ ድሮው አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የውሃውን ከፍታ በሰው እጅ አስገባው፤ ግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ጣቢያ ደግሞ ውሃውን በዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል። የሐይቁ ከፍታ ሲለዋወጥ ዴልታው የሚያርፍበት ዳርቻም ይለዋወጣል። በ2004 ዓ.ም. የታየው እምቦጭ የተባለው መጤ አረምም ሥር የሰደደው ወንዝ ማዳበሪያና ደለል በሚያመጣበት ጥልቀት የለሽ ዳርቻ ነው። በዘመቻ ይነቀላል፤ መኖው ግን በየክረምቱ ከማሳ ይላክለታል።

የርብ ግድብ ሌላ ምዕራፍ ከፍቷል። ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም ያለው ሲሆን፣ ታችኛውን ሜዳ በበጋ ለማጠጣትና ጎርፉን ለማለዘብ የታሰበ ነው። የታሰበለትን ከሠራ ፎገራ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። ግድብ ግን ውሃ ብቻ አይዝም፤ ደለልም ይይዛል። አስዋን ከተገደበ ወዲህ የዓባይ ዴልታ የባሕር ዳርቻ በሜዲትራኒያን ማዕበል እየተበላ ነው፤ ይደርሰው የነበረው የእኛው ደጋ አፈር ቀርቶበታልና። ርብ ላይም ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ ደለል ተርቦ ወለሉንና ዳሩን መቆፈር መጀመሩ የሚጠበቅ ነው፤ በደለል ለሞላው ወንዝ ይህ መጠነኛ እፎይታ ሊሆን ይችላል። ለሚወጣው አሳ ግን ግድብ ግድግዳ ነው። ጉማራ እስካልተገደበ ድረስ የነጭ አሳው ትልቅ ተስፋ እሱ ነው፤ በጉማራ ላይ የሚነሣ ማንኛውም የግድብ ሐሳብ ይህን አስቀድሞ መመለስ አለበት።

የግድቡን ዕድሜ የሚወስነው ደግሞ የጉና ቁልቁለት ነው። ጓሳና ጅብራ ከለበሰው አናት በታች የገብስና የድንች እርሻ ሽቅብ እየገፋ ወጥቷል፤ ባሕር ዛፍ ብዙውን የድሮ ደን ቦታ ይዟል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየበጋው በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ብዙ እርከን ተሠርቷል፤ አንዳንዱ ተራራ በእርግጥ አረንጓዴ ለብሷል። እርከን ግን ከማሳ የሚታጠበውን እንጂ ቦረቦር የሚያወርደውን አያስቆምም፤ ወንዝ የሚያወርደው ደለል ትልቅ ድርሻው ከቦረቦርና ከወንዝ ዳር የሚናድ ነው። ዘመቻው በዓመት ያለቀውን ኪሎ ሜትር ከሚቆጥር፣ በየቀበሌው የተዘጋውን ቦረቦር ቢቆጥር ይሻላል።

ለሌላው ሁሉ ገንዘብና ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ግን፣ የሚራባውን አሳ መጠበቅ፣ በጀት አይጠይቅም፤ ሕጉም አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የዞኑና የወረዳው አስተዳደሮች ከሐምሌ እስከ መስከረም በጉማራና በርብ አፍ መረብ እንዳይዘረጋ፣ ወደ ላይም ብርብራ እንዳይበተን ከአጥማጆቹ ጋር ተስማምተው በሚቀጥለው ክረምት ይጀምሩ።